የአባቴ ቮልስ ፍሪሲዮን

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አባቴ ደወሉልኝ። የእኔን ጤና፣ የልጆቹን፣ የአገሩን ብርድ ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍሪሲዮኑ አልይዝ ብሎኛል። እናንተ ዘንድ ሙሉ ዕቃው አይጠፋም» አሉኝ። 79 ዓመታቸው ነው። መኪናቸው እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ ናት፤ ከእኔ ትበልጣለች።

እንዴት እንደሚያደርጋት ጠየቅኋቸው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲመለሱ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ቆማ ሳለች የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን ቀስ እያሉ እንዲለቁት ነገርኳቸው። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ታፍኖ ይጠፋል። የአባቴ ሞተር አልጠፋም። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠውት ነበርና ሲያጓራ ሰማሁት።

የመኪና አማርኛችን ግማሹ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ። ፍራንክፈርት 22 ዓመት ኖሬ እንኳ ስለ መኪና የማስበው በእነዚህ ቃላት ነው። ጀርመኖች ፍሪሲዮንን «ኩፕሉንግ» ይሉታል፤ ማጋጠሚያ እንደ ማለት ነው። የጣሊያንኛው ቃል ደግሞ መፋተግ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሸራው በቮላኖውና በፕሬዠሩ መካከል ተጨፍልቆ ሲያዝ የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው ያሳልፋል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቀቃል፤ የሚያልቀው ግን ሲይዝም ሲለቅም አይደለም፣ በመሃል ባለችው ቅጽበት ነው። እኔ እዚህ የምነዳው አውቶማቲክ ስለሆነ ግራ እግሬ ሥራ ከፈታ ቆይቷል።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመኪናዋን ዓመት ነግሬ፣ ዕቃውን ገዝቼ፣ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው መስጠት። ከከተማው ወጣ ብሎ የአሮጌ ቮልስ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሽማግሌ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። «1965» ስለው እጁን አወዛወዘ። ዓመቱን አልፈልግም አለኝ። ሞተሯ የመጀመሪያው ነው? ካምቢዮውስ? እዚያው ባንኮኒው ላይ ሁለት ፕሬዠር አስቀመጠልኝ። አንዱ 180 ሚሊሜትር ነው፣ የድሮዎቹ የትናንሾቹ ሞተሮች። ሌላው 200፣ ኋላ የመጡት የትልልቆቹ። ከዚያ ሦስተኛ አመጣ፣ እሱም 200 ነው፤ ግን መሃሉ ላይ ቀለበት አለው። እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ካምቢዮዎች ላይ ፕሬዠሩን የሚገፋው ኩሽኔታ በሹካ ላይ ብቻ ተይዞ ስለሚንጠለጠል የሚያርፍበት ቀለበት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በመጡት ደግሞ ከካምቢዮው አፍንጫ ላይ ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ተጨመረ፣ ቀለበቱም ቀረ። የአንዱን ከሌላው ጋር ያጋጠመ ሰው ሞተሩን ሁለት ጊዜ ያወርዳል አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። አራቱን ፈትቶ፣ የቤንዚኑን ጎማ፣ ሽቦዎቹንና ገመዶቹን አላቆ ሞተሩን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ግቢያችን ውስጥ ያ ሁሉ ሲሆን ባትሪ ይዤ ያበራሁት እኔ ነኝ። የፊተኛዋ ባለ 1200 ሞተር ደክማ ነበር። አባቴ ከሶማሌ ተራ ከተጋጨች ቮልስ የወጣ ባለ 1600 ሞተር አመጡ። ኤሌክትሪኩ ከ6 ወደ 12 ቮልት ተቀየረ። አዲሱ ቮላኖ ሰፋ ያለ ስለሆነ ከካምቢዮው ቤት ጠርዝ ጋር ይነካካ ነበር፤ መካኒኩ ጠርዙን ሲሞርደው ያመሸበት ድምፅ እስካሁን ጥርሴን ያሳክከኛል። ካምቢዮው ግን ያው የ1965ቱ ነው።

እንግዲህ ሊብሬዋን ባምን 180 ልልክ ነው፤ አይገባም። ሞተሩን ባምን ቀለበት የሌለው 200 ልልክ ነው፤ እሱም አይሆንም። የምትፈልገው የኋለኛውን ስፋት ከፊተኛው ቀለበት ጋር ነው። በየትኛውም ዓመት ስም ብትጠይቅላት አታገኝላትም። ይህም ቢሆን የእኔ ግምት ብቻ ነበር፤ በ10 ዓመቴ ባየሁት ነገር ላይ ተማምኜ ብረት መግዛት አስፈራኝ። ሞተሩን አውርዶ ማየት ይቻላል፣ አባቴ ግን ዕቃው እጃቸው ሳይገባ አላወርድም አሉ። መካኒክ ግቢ የተፈታች መኪና ምን እንደምትሆን ያውቃሉ።

በዚህ መሃል እህቴ ደወለች።

«ስማኝ፣ እንዳትልክ» አለችኝ። የሰፈር ሰው በር ገጭተዋል። ማታ አይታያቸውም፣ አይታየኝም አይሉም እንጂ። የግራ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ይይዛቸዋል። ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች። «እኔ ቁልፍ ልነጥቃቸው ነው? ራሷ ትቁምላቸው። ማንም ክፉ አይሆንም» አለች። አሰብኩበትና እሺ አልኳት። እሷ ናት ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው፤ እኔ በስልክ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ሁለት ወር ዋሸሁ። «አባባ፣ እየተፈለገ ነው» እላለሁ። «የእርስዎ ዓይነት ጠፋ» እላለሁ። ውሸቱ ግማሽ እውነት ስለነበረው አልከበደኝም። የሚገርመው ግን ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ዕቃውን በእውነት እመርጥ ነበር። የሸራው መሃል ጠጣር የሆነው ይሻላል ወይስ ሞላ ያለው? ሞላ ያለው ሲነሳ አይነጥርም፤ የሞተሩን ንቅናቄ ይውጠዋል። ፕሬዠሩስ ባለ ብዙ ሞላው ነው ወይስ ባለ ዲያፍራሙ? ላልልክ የወሰንኩትን ዕቃ ለሳምንታት መረጥኩ።

ሐምሌ ላይ አባቴ ራሳቸው ደወሉ። በጡረታ እስኪወጡ ሂሳብ ሹም ነበሩ፤ ለመኪናዋም የወጪ ደብተር አላቸው፣ ከገዟት ጀምሮ። የካቲት 1976 የሚለውን ገጽ አገኙት። በዝግታ አነበቡልኝ፦ ሞተር ባለ 1600 ከነቮላኖው። ፍሪሲዮን ሸራ 200። ፕሬዠር፣ ባለ ቀለበት። ዋጋውንም አነበቡ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«እህትህ እንዳትልክ ብላሃለች፣ አይደል?»

«አባባ…»

«አውቃለሁ። መኪናዋ ቆማለች ብላችሁ ነው? እየነዳኋት እኮ ነው።»

ለካ ዳገቱን እየሸሹ ነው። ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሲመለሱ በጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቆም እያሉ ፍሪሲዮኑን እያቀዘቀዙ ይወጣሉ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ፣ ለዕድር ስብሰባ። የአገልግሎት ታክሲው ወረፋ ላይ በዚያ ጉልበት መቆም አልችልም አሉ። አንድ ጊዜ ዳገቱ መሃል ላይ መሳብ እምቢ ብላቸው፣ ከኋላቸው የአሸዋ መኪና ቆሞ እየጮኸባቸው፣ ፍሬን ይዘው የሰፈር ልጆች ድንጋይ እስኪያስገቡላቸው ጠበቁ። ይህን ለእህቴ አልነገሯትም። እኔም ያን ቀን ስለ ምን እንዳወራን አላስታውስም፣ ምናልባት «በርቱ» ብያቸው ይሆናል።

ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። አባቴ ይህን እንደ ቀልድ ይነግሩን ነበር፤ «ንጉሥ ችላለች፣ እኔን አታቅተኝም» እያሉ። ያን ቀን ግን አልቀለዱም። «ለጉልበት የሚለሰልስ ካለ እሱን አድርግልኝ» ብቻ አሉኝ። ጉልበታቸውን በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። አልቆመችም፣ አትቆምምም፣ በተበላ ፍሪሲዮን ዳገት ከሚወጡ በደህናው ይውጡ አልኳት። ብዙ ዝም አለች። «እሺ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀህ ኃላፊነቱን ከወሰድክ ውሰድ» ብላ ዘጋችው። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም።

ሽማግሌው ጋ ተመለስኩ። መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ለውድድር የሚሆነውን አሳየኝ፤ መቼም አይንሸራተትም አለ። አይንሸራተትም፣ ግን ፔዳሉ የወጣት እግር ይፈልጋል። የሚነዳት ሰው 79 ዓመቱ ነው ስለው መልሶ አስቀመጠውና ባለ ዲያፍራሙን፣ መሃሉ ቀለበት ያለውን 200 አወጣ፤ ሽዋይንፉርት የሚሠራው የሳክስ። ሲረገጥ ቀላል ነው። ሞላ ያለው ሸራ፣ በሹካው ላይ በክሊፕ የሚያዘው የድሮው ዓይነት ኩሽኔታ። ከዚያ ያልጠየቅሁትን ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው የፍሪሲዮን ገመድ ነው። የብዙ አሮጌ ቮልስ ፔዳል የሚከብደው ውስጡ ደርቆ ወይም መፈተል ጀምሮ ስለሆነ፣ ሰው ግን ፕሬዠሩን ስለሚወቅስ። ሁለተኛው ከቮላኖው ጀርባ የሚገባ ኦይል ሲል፣ የእጅ አምባር የሚያክል ጎማ፣ ከሁሉ የረከሰው። «ሞተር አውርደህ ይህን ካልቀየርክ አላወረድከውም» አለኝ።

ሁሉም አምስት ኪሎ ገደማ ሆነ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ዘንድ አምስት ኪሎ ምን እንደሆነ ይህን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሰው በትሕትና እምቢ አለኝ። ሦስተኛዋ ሻንጣዋን እንደ ገና አስመዘነችና ከሕፃናት ጫማ መሃል ፕሬዠሩን ሸጎጠችልኝ።

ሞተሩ የወረደ ዕለት መካኒኩ በቪዲዮ አሳየኝ። ሸራው ገና ውፍረት ነበረው። አላለቀም። ዘይት ጠጥቶ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር፤ ኦይል ሲሉ አርጅቶ ለስንት ጊዜ ሲያንጠባጥብበት ኖሯል። አዲሱን ሸራ ብቻ ልኬ ቢሆን በጥቂት ወር ውስጥ እሱም ይኸው ነበር ዕጣው። ቮላኖውን የሚይዘው የመሃሉ ብሎን በ36 ቁጥር ቺያቬ ነው የሚፈታው። ሲታሠር አንድ ሜትር በሚረዝም ብረት ጫፍ ላይ 35 ኪሎ የሚያህል ክብደት ይፈልጋል፤ መካኒኩ ቱቦ ቀጥሎበት ረዳቱን አሰቀለበት። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ፕሬዠሩ ሲመጣ መካኒኩ በጣቱ ቀለበቱን ዞር ዞር አድርጎ ነካውና፣ «ማነው የመረጠው?» አለ። አባቴ ወደ ስልኩ ጠቆሙ። 22 ዓመት ገንዘብ ስልክላቸው እንደዚያ ሲጠቁሙብኝ አላየሁም።

ገመዱ ሲገባ ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በባዶ እንዲወርድ ተስተካከለ። አባቴ ረገጡት፣ ለቀቁት፣ እንደ ገና ረገጡት። «ቅቤ ነው» አሉ። ማታ አልነዳም፣ ቀለበት መንገድም አልወጣም ብለው ለእህቴ ቃል ገቡ። እህቴ ቃሉን ሰማች እንጂ እሺ አላለችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ፣ ያለ አንድ ቃል። የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ጭረት አለ። አስፍቼ አየሁት። ቀለሙ ሥር ዝገት ያለ ይመስላል፣ ዝገት ካለ የቆየ ነው። ጥላም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስልኬን እያወጣሁ አስፍቼ አየሁት።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ክረምቱ አልወጣም አሉኝ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እንደሚወጡት፣ ሞተሩ እንደማይጮኽ ነገሩኝ። ስለ ጭረቱ ልጠይቃቸው ብዬ ሳመነታ፣ «የፍሬን ሸራውን ስፋት ደብተሩ ላይ አገኘሁት፣ ልንገርህ?» አሉኝ። እስክሪብቶ ፈለግሁ።