ለጃፓን የተለካው፣ ለባቱ ያልተለካው

በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ የተላከ ቡና መርምራ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችበት። ግዢው ቆመ፤ ላኪዎች ተደናገጡ። ነገሩ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው በቡና ዛፉ ላይ ሳይሆን ቡናው በታጨቀበት ጆንያ ላይ ነበር። ያን ቅሪት ያገኘው ግን የኢትዮጵያ መሣሪያ አልነበረም፤ የገዢው ነው። ቡናው የተለካው የሚለካ ደንበኛ ስለነበረው ነው።

የሚለካ ደንበኛ የሌለውስ? ዝዋይን፣ ማለትም ደምበልን አስቡት። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሐይቅ ከማለት ሰፊ ገበቴ ማለት ይቀላል። መቂና ካታር ከላይ ያለውን እርሻ አጥበው ይገቡበታል። ዳሩ ላይ የአበባ ግሪን ሃውስ አለ። በሞተር ፓምፕ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ፣ የመርጫ ታንክ በጀርባው አዝሎ የሚውል ገበሬም አለ። የባቱ ከተማ የምትጠጣው ከዚሁ ውሃ ነው። በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮችም ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ሲጠጡ ኖረዋል።

የዝዋይ ነገር በተነሳ ቁጥር አበባውን ብቻ መውቀስ ተለምዷል። አበባው ነጻ ነው ለማለት አይደለም። ግን አበባው ቢያንስ ስለሚረጨው ነገር የሚጠይቀው የውጭ ገዢ አለው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተከፋፍሎ፣ ያለ ስምና ያለ መመሪያ የተሸጠለትን መርዝ የሚረጨውን ገበሬ የሚጠይቀው የለም፤ የሚያስተምረውም ጥቂት ነው። ከሁለቱ የትኛው ምን ያህል ወደ ውሃው ይጥላል የሚለው ክርክር በጩኸት አይፈታም። በመለካት ነው የሚፈታው።

መለካቱ ላይ ነው ችግሩ። አስተማማኙ መንገድ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ነው። ማሽኑ ሚሊዮኖች ብር ይፈጃል፤ ጋዙ፣ መለዋወጫው፣ የማነጻጸሪያ ኬሚካሉ ሁሉ ዶላር ይጠይቃል። ናሙናው በጠቆረ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ፣ አዲስ አበባ ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ተጠጥቶ አልቋል። በዚያ ላይ ፀረ ተባይ በአብዛኛው የሚመጣው ከርጭት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ በአንድ ጊዜ ደራሽ ነው። በወር አንድ ቀን ጠርሙስ ይዞ የሚሄድ ሰው ያንን ቀን ሊያገኘው የሚችለው በዕድል ነው።

ስለዚህ እዚያው ውሃው ዳር የሚቀመጥ ሴንሰር ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ በጣቱ ጠብታ ደም ስኳሩን ይለካ የለም እንዴ? ይለካል። ነገር ግን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ አንድ ግራም ያህል ስኳር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ደግሞ ለአንድ ፀረ ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብናሰላው፣ አንድ ግራም በአንድ ሺህ ቦቴ ውሃ ውስጥ እንደማለት ነው። ልዩነቱ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው። ሥራው የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ቁልፉም መሣሪያው ሳይሆን ጫፉ ላይ የሚቀባው ቁስ ነው።

አንደኛው ቁስ ኢንዛይም ነው። ማላታይንና ዳያዚኖን ያሉበት የኦርጋኖፎስፌት ቤተሰብ ተባዩን የሚገድለው በነርቩ ውስጥ ያለን አንድ ኢንዛይም በመቆለፍ ነው። ያንን ኢንዛይም ኤሌክትሮድ ላይ ብታጣብቁት፣ መርዙ ሲመጣ ይቆለፋል፤ የሚፈሰው ኤሌክትሪክም ይቀንሳል። ብልሃቱ ግሩም ነው። ግን ኢንዛይም ሙቀት አይወድም። ማላታይን ደግሞ በተባዩ ሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው የሚበረታው፤ ሴንሰሩ እንዲያውቀው ናሙናው ቀድሞ በኬሚካል መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ግዑዝ ነው፤ ስለዚህም ለቆላ ይሻላል። ጉንተር ቩልፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት መንገድ ነው። ፖሊመሩ በሚፈለገው ሞለኪውል ዙሪያ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያ ሞለኪውሉ ታጥቦ ይወጣል፤ ልኩን የያዘ ጎድጓዳ ይቀራል። ጭቃ ላይ እንደደረቀ ኮቴ። በኋላ ያው ሞለኪውል ሲመጣ ይገባበታል። አይሞትም፤ ፍሪጅ አይፈልግም። ጉድለቱ፣ ዘመድ ኬሚካልም ኮቴው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በደንብ ያልታጠበ ፖሊመርም ራሱ የተሠራበትን ሞለኪውል መልሶ እያንጠባጠበ የሌለ መርዝ አለ ይላል።

ይህ ሥራ ለአገራችን ኬሚስቶች ባዕድ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የካርቦን ኤሌክትሮድ ቀብተው ፀረ ተባይ ወይም መድኃኒት የሚለኩ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች አሉ። ቅሬታው ሌላ ቦታ ነው። ተማሪው ውሃውን ያጣራል፣ በንጹሕ ባፈር ያቀጥናል፣ የሚያውቀውን መጠን ራሱ ይጨምርበታል፣ ከዚያ የጨመረውን መልሶ ያገኛል። መመረቂያ ጽሑፉም ከቀደመው ሰው ያነሰ መጠን መለየቱን ይዞ ይወጣል። ተማሪው አይወቀስም፤ ጆርናሉም አማካሪውም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ዝዋይ ግን አይጣራም። ደለል አለው፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚያወጣው ቡናማ አሲድ አለው፣ አልጌ አለው። ላቦራቶሪ ውስጥ የተዋጣለት ኤሌክትሮድ እዚያ ሲነከር በቀናት ውስጥ አተላ ለብሶ ሊታወር ይችላል።

ከዚህ በኋላ «ምን ያህል ትንሽ ለየህ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ «ሐይቁ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?» ይባል። በትክክል ቁጥሩን የማይነግር፣ ነገር ግን «ዛሬ ከትናንት የተለየ ነገር አለ» ብሎ የሚጮህ ርካሽ ሴንሰር ለባቱ ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል። ሲጮህ ጠርሙሱ ያኔ ይሞላና ወደ ትልቁ ማሽን ይሄዳል። አንዳንዴ በከንቱ ቢጮህም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

እውነተኛው ጩኸት ሲመጣ ግን የውሃ ማጣሪያው ባለሙያ ምን ያድርግ? አሸዋና ክሎሪን የሟሟ ፀረ ተባይን በበቂ አያስወግዱም። አክቲቭ ካርቦን ያስወግዳል፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት። ሐይቁን ዘግቶ ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይዞር፣ የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ፍሎራይድ አለው። የሴንሰሩ በጀት ሲጻፍ የካርቦኑ ከረጢት ዋጋ አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።