ከወሰኑ ማዶ አራት መቶ ሜትር

ሞያሌን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳንና ያቤሎን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ የሚያበቃባት ከተማ መሆንዋን ይወቅልኝ። ያበቃል ማለቴ በእኛ በኩል ነው እንጂ፣ መንገዱስ በኬንያ ግዛት ውስጥ ወደ ማርሳቢትና ወደ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይቀጥላል። ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። በወዲህ ብር፣ በወዲያ ሽልንግ ይመነዘራል፤ በወዲህ አማርኛ፣ በወዲያ ስዋሂሊ ይጻፋል፤ በሁለቱም ወገን ግን የቦረና ኦሮምኛ ስለሚነገር ሰው ከሰው ጋር ለመግባባት አይቸገርም። በወዲህ መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ በወዲያ ግራውን። ለእኔ መከራ የሆነብኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

እኛም ብንሆን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ግራውን ይዘን ስንነዳ የኖርን ሕዝብ ነን። ልማዱ ባይለወጥ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር።

ሐሙስ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ በ3 ሰዓት፣ በኬንያ ሞያሌ የሚኖር አንድ ታማሚ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ከባለቤቴ ጋር በአሮጌዋ ቶዮታችን ተነሣን። በኬላው ወረቀታችንን አሳይተን ወሰኑን ስናልፍ እጄም ዓይኔም ንቁ ስለ ነበሩ ወዲያውኑ ወደ ግራ ገባሁ። እንግዳ ሰው አደጋ የሚደርሰው ኬላውን ሲሻገሩ ይመስለዋል፤ በራሴ ደርሶ እንዳየሁት ግን በኬላው ላይ የሚሳሳት የለም። ሰው የሚሳሳተው ልቡ ካረፈ በኋላ ነው። ባዶ እጃችንን እንዳንሄድ ብለን ስኳርና ቡና ለመግዛት ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆምን፤ ገዝተን ስንነሣ ሠላሳ ዓመት የለመደው እጄ መኪናዋን ወደ ቀኝ መራት። ሃያ ሜትር እንኳ አልሄድንም።

ከፊታችን የመጣው በሞተር ብስክሌት ሰው የሚያመላልስ ወጣት ነበር። በኬንያ እነዚህን ሞተረኞች ቦዳ ቦዳ ይሏቸዋል፤ ስሙም በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ባለችው በቡሲያ፣ መንገደኛውን በብስክሌት ከወሰን ወደ ወሰን ያደርሱ ከነበሩት ሰዎች ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ልጁ በገዛ መንገዱ ይሄድ ነበር፤ በሰው መንገድ የገባሁ እኔ ነኝ። ቀኝ እግሩ ከጕልበቱ በታች ተሰበረ። የመኪናዬም ኮፈን፣ መብራትና ራዲያተር ተጨፈለቀ። ባለቤቴ በነጠላዋ እግሩን ጠቅልላ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ተሸክማ ባጃጅ ላይ አወጣችውና ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

እኔ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ደንግጬ እንደ ቆምሁ፣ በሁለቱም ወገን የሚነግድ አንድ የማውቀው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ወንድሜ፣ ፖሊስ ሳይደርስ ይህችን መኪና በጓሮ መንገድ ገፍተን እናሻግራት። አደጋው በኢትዮጵያ በኩል ደረሰ ብለህ አመልክት» አለኝ።

ምክሩ የሞኝ ምክር አልነበረም። ለመኪናዬ የገባሁት ሙሉ ኢንሹራንስ የሚጸናው በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ከወሰን ማዶ የሚከተለኝ ቢጫ ካርድ የተባለው ወረቀት ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ እኔ ለጐዳሁት ሰው እንጂ ለእኔ መኪና አይከፍልም። ከቆምሁበት እስከ ወሰኑ ያለው መንገድ ኋላ ሲለካ አራት መቶ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። በዚህች አራት መቶ ሜትር የመኪናዬ ማሠሪያ ከኪሴ ይወጣል ወይም አይወጣም።

እውነቱን ለመናገር ወዲያውኑ እምቢ አላልሁም። እጄን በመኪናዋ በር ላይ አድርጌ ጥቂት አሰብሁ። አደጋው በወዲህ ደረሰ ከተባለ፣ ልጁን በወዲያ ማን ሰበረው? ይህን ሳሰላስል ዓይኔ በአስፋልቱ ላይ በወደቀ የሴት ጫማ ላይ አረፈ። የባለቤቴ ጫማ ነው፤ ልጁን ስትሸከም ወልቆባት፣ ሳታነሣው በአንድ እግር ጫማ ሄዳለች። ጫማውን አንሥቼ ፖሊሱን ጠበቅሁ።

ስለ ቢጫው ካርድ ጥቂት ልናገር፤ መኪና ይዞ ወሰን የሚሻገር ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተመሠረተ፣ ዛሬም በኮሜሳ አገሮች መካከል የሚሠራበት የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ኢንሹራንስ በገባህበት አገር ይሰጥሃል፤ አደጋ ባደረስህበት አገር ሕግ ይሠራል። የተጐዳው ሰው አንተን ወይም የአንተን ኢንሹራንስ ፍለጋ አገር አቋርጦ አይመጣም፤ በገዛ አገሩ ያለው ቢሮ ጉዳዩን ይዞለት፣ ኋላ ከወዲህ ያስከፍላል። በኬንያ ሕግ ግዴታ የሆነው መድን ለሞትና ለአካል ጉዳት ሲሆን፣ ለአንድ ሰው እስከ 3 ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ለንብረት ግን አያስገድድም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር በዚያን ጊዜ አላወቅኋትም።

ፖሊሱ ቦታውን ለክቶ፣ አብስትራክት የሚሉትን የአደጋ ማስረጃ ወረቀት ሰጠኝ። እኔም የኢንሹራንሱን ማመልከቻ በዚያው ዕለት ማታ ሞላሁ። እንግዲህ ጕዱ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው። በማመልከቻው ላይ ቀኑን 8/5/2017፣ ሰዓቱን 3፡00 ብዬ ጻፍሁ። ፖሊሱ ደግሞ በራሱ አቈጣጠር 16/1/2025፣ ሰዓቱንም 9፡00 ብሎ ጽፏል። የሚገርመው፣ ምስክር የሆነው ባለ ሱቅ በስዋሂሊ «ሦስት ሰዓት» ብሎ ነበር የመሰከረው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉና። ወረቀቱ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲተላለፍ፣ የእኔ አደጋ ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት በግንቦት ወር፣ ያውም ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሌሊት የደረሰ ሆነ። ኢንሹራንስ ሳልገባ የተጋጨሁ ሰው ሆኜ ቀረሁ። አንድ ሠራተኛ በስልክ «ጌታዬ፣ ስለ የትኛው አደጋ ነው የሚያመለክቱት?» ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መካከል የልጁ ዘመዶችና የሠፈር ሽማግሌዎች መጡ። ያገሩ ሥርዓት ነው፤ ሰው ሲጐዳ ጐጂው ራሱ ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ባለቤቴም በየቀኑ ወተትና ሾርባ ይዛ ወሰኑን ስትሻገር ሰንብታ፣ የልጁን እናት «እኅቴ፣ ልጅሽ በእግሩ እስኪቆም አንለይሽም» ብላ ቃል ሰጥታቸዋለች። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የኢንሹራንሱን ውል አውጥቼ ሳነብ፣ ከኢንሹራንሱ ፈቃድ በፊት ጥፋትን ማመን፣ ካሣ መስጠትም ሆነ ለመስጠት ቃል መግባት የተከለከለ ነው የሚል አንቀጽ አገኘሁ። ለባለቤቴ ባነብላት፣ «ታዲያ ሰብረነው ዝም እንበል ነው የሚለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዘጠነኛው ቀን ጉዳት ገማቹ መጡ። በስልክ ሲያነጋግሩኝ ድምፃቸው ቀዝቃዛ ስለ መሰለኝ ክርክር ጠብቄ ነበር። የማርሳቢት ሰው፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሜትርና ካሜራ የያዙ፣ ኦሮምኛቸው ከእኔ የተሻለ ናቸው። እኔን «ምዜ» ይሉኛል፤ አባት እንደ ማለት ነው። አስቀድመው ቀኑን አነሡ። ሁለቱን ወረቀት ጐን ለጐን አድርገው ተመለከቱና ሣቁ። «ምዜ፣ በዚህ ወሰን ይህ የመጀመሪያው አይደለም» ብለው፣ በራሳቸው ወረቀት ላይ ሁለቱንም ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት ጽፈው በመካከላቸው የእኩልነት ምልክት አደረጉ። ሌሊቱን ያስጨነቀኝ ነገር በሁለት ትንንሽ መስመሮች ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ግን ሣቅ አልነበረም። ወደ ሱቁ ደጃፍ ወስደውኝ ከየት ተነሥቼ የት እንደ ደረስሁ በእግሬ አስኬዱኝ።

«ልጁ የራስ ቆብ አድርጎ ነበርን?»

«አላደረገም። ነገር ግን የተሰበረው እግሩ ነው።»

«ፍጥነቱስ እንዴት ነበር?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚወስድ ገባኝ። ልጁ ይበር ነበር ብል ከጥፋቱ ጥቂቱ ወደ እርሱ ይዞራል፣ ካሣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሚቃወመኝም የለም። «ያየሁት ከመጋጨታችን በፊት ለአንድ ቅጽበት ነው፤ እንዲህ ነበር ልልዎ አልችልም» አልሁ። ገማቹ እንዳልሁት ጻፉ። ፊታቸው ላይ ደስታም ቅሬታም አላየሁም።

በመጨረሻ የፈራሁትን ጠየቁኝ። «ለቤተ ሰቡ ቃል የሰጣችሁት ነገር አለ?»

ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ፣ «አዎን፣ እኔ ሰጥቻለሁ» አለች፤ ያለችውንም ቃል በቃል ነገረቻቸው። ገማቹ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ምግብ ማድረስና መጠየቅ የሰው ወግ እንጂ የጥፋት ማመኛ ወረቀት አለመሆኑን፣ ነገር ግን ስለ እግሩ ካሣ የገንዘብ ልክ ተናግረን ቢሆን ወይም ፈርመን ቢሆን ኖሮ ኢንሹራንሱ ጀርባውን ሊሰጠን ይችል እንደ ነበር ረጋ ብለው አስረዱን። ቀጥለውም፣ «የሞተሩ ጉዳይ በእኔ ወረቀት ውስጥ የለም፤ ስለ እርሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር የእናንተ ነው» አሉ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞተሩም በቢጫው ካርድ የሚከፈል መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ እግሩ ለኢንሹራንሱ፣ ሞተሩ ለሽማግሌዎቹ። ሽማግሌዎቹ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ቀን ተነጋገሩ። የልጁ አጎት አዲስ ሞተር ይገዛልን ሲሉ፣ አንድ አረጋዊ ግን የተሰበረው አሮጌ ሞተር ስለሆነ የአሮጌ ዋጋ ይከፈል፣ ልጁ ሥራ ለፈታበት ጊዜ ግን ሰውዬው በፈቃዱ ይጨምር ብለው ፈረዱ። ገማቹ ይህን ፍርድ ቢሰሙ ደስ ባላቸው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችንም፣ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍሉ እስከ ዛሬ የጸና ነውና፣ የዕቃ ካሣ ዕቃው አደጋ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አረጋዊው ያንን መጽሐፍ ያነበቡ አይመስለኝም። የተፈረደብኝን ከፍዬ፣ ጥቂት ጨምሬበት፣ ተጨባብጠን ተለያየን።

የእግሩ ካሣ የተከፈለው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ስምንት ወር ለተሰበረ ድኃ ረጅም ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታዬን አልደብቅም። ሥራው እንዲህ የሚጓተተው ወረቀት በሁለት አገር ቢሮዎች ስለሚመላለስ ነው ተባልሁ፤ ሰውየው ግን የሚበላው በየቀኑ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ የባለቤቴ ወተት አልተቋረጠም። የእኔን መኪና በተመለከተ ከማንም አንድ ሳንቲም አላገኘሁም፤ ለማሠሪያ 84,000 ብር ከሱቃችን መደብ አወጣን፤ በዚያም ዓመት የቤታችን የጣራ ቆርቆሮ ሳይለወጥ ክረምቱ ገባ። ያ ምክር የሰጠኝ ወዳጄ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ፣ «አራት መቶ ሜትር!» እያለ ይሥቅብኛል።

ልጁ ዛሬ ጥቂት እያነከሰ ሞተሩን ይነዳል። ካየን ጥሩንባውን ይነፋልናል፤ ባለቤቴንም ካገኛት ሳያሳፍራት አያልፍም፤ ሒሳብ ግን አይቀበልም። እኛም ወደ ወዲያ ማዶ ስንሄድ፣ ከየሱቁ ደጃፍ ሞተር ባስነሣሁ ቍጥር ባለቤቴ እጄን ነካ አድርጋ «ግራ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀንም ተሳስታ በወዲህ በኩል ትለኛለች።