በጤፍ ስንት ነው?

ጳጉሜን ሲገባ ደብተሬን ማገላበጥ የቆየ ልማዴ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 የጻፍኳቸው ሦስት ዕቅዶች እዚያው አሉ፦ ከአክሲዮን ትርፍ ድርሻ 60,000 ብር ማግኘት፣ ግማሹን መልሼ አክሲዮን መግዛት፣ ያለኝን ሁሉ አንድ ባንክ ላይ አለመከመር።

አንደኛው ተሳክቷል። 340 የባንክ አክሲዮን አለኝ፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ባንኩ 20 በመቶ አከፋፈለ፤ 68,000 ብር ደረሰኝ። 10 በመቶ ግብር ሲቀነስበት 61,200 ቀረ። ሁለተኛው ከሸፈ፤ ለአክሲዮን ያልኩት ገንዘብ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ። ሦስተኛው በግማሽ ተሳካ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻውን ለሕዝብ ሲሸጥ በ300 ብር ሒሳብ ዝቅተኛውን፣ 33 አክሲዮን፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በቴሌብር ገዛሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1998 የመጀመሪያዎቹን አሥር አክሲዮኖች ስገዛ ቅርንጫፍ ድረስ ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ፈርሜ ነው። ማኅተም ያረፈበትን የምስክር ወረቀት ለእማዬ ሳሳያት ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችና «ይኼ ይበላል?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ታኅሣሥ 1967 ደርግ ባንኮቹን ሲወርስ በዓይኗ ያየች ሴት ናት።

ኅዳር 1999 የመጀመሪያው ትርፍ መጣ፤ 25 በመቶ። ከግብር በኋላ 2,250 ብር በቼክ ተቀብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «በጤፍ ስንት ነው?» አለች። ኩንታሉን በ450 ብር ገዝተን ነበርና አምስት ኩንታል ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክሲዮን አላማችም።

እኔም በረታሁ። በየጠቅላላ ጉባኤው ትርፉ ለካፒታል ማሳደጊያ ይዋል ሲባል እጃቸውን ከሚያወጡት አንዱ ነበርኩ። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ሲያደርገው ደግሞ እጅ ማውጣቱ ግዴታ መሰለ። ሶፋው ሳይቀየር፣ ግድግዳው ቀለም ሳይቀባ፣ አሥሯ አክሲዮን 340 ገባች።

በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፤ ብር ቁልቁል ወረደ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት እኔም እንደ ባለሀብት ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮፍሼ ተመለከትኩ።

ዘንድሮ በጳጉሜን ደብተሩን ይዤ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ ሒሳቧ ግን አልደከመም።

«61,200 ብር!» አልኳት።

«በጤፍ ስንት ነው?»

ኅዳር ላይ ኩንታሉን በ13,500 ገዝተናል። አካፈልኩት። አራት ኩንታል ተኩል።

«ታዲያ ያኔ አምስት አልነበር እንዴ?»

መልስ አጣሁ። እውነት ነው፣ በአሥሯ አክሲዮን ብቻ ብቀር ኖሮ የዘንድሮው ትርፌ አሥራ አምስት ኪሎ ጤፍ እንኳ አይገዛም ነበር። አክሲዮኑ አልከዳኝም። የከዳኝ መለኪያዬ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ብር ስቆጥር እሷ ጤፍ ትቆጥር ነበር።

የ2018 ዕቅዴን ጽፌያለሁ። አንድ መስመር ነው፦ አምስት ኩንታል።