ሚዛን በአየር ላይ

በልጅነታችን ከደብተራችን ቅጠል እየገነጠልን የወረቀት አውሮፕላን እንሠራ ነበር። መምህራችን ለደብተሩ በማዘን ይቈጡን እንጂ፣ ስለ በረራ የማውቀውን ግማሹን የተማርሁት ከእነዚያ ቅጠሎች ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወረቀቱን የኋላ ጠርዝ የጥፍር ያህል ወደ ላይ ያጠፈ ልጅ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብ ሲያነሣ ያያል፤ እጥፋቱን ያበዛው እንደ ሆነ ግን ወረቀቱ ይወጣ ይወጣና፣ አየር ላይ ቆም ብሎ፣ ቁልቁል ይወድቃል። አንዱን ጠርዝ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ያጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ በጎኑ ይገለበጣል። ጥፍር የምታህል እጥፋት ይህን ሁሉ ማድረጓ ያን ጊዜ ይደንቀኝ ነበር፤ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ከቦሌ ተነሥቼ ወደ ድሬዳዋ ስበር፣ ከክንፉ በስተኋላ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ያችኑ እጥፋት በብረት ተሠርታ አየኋት። በክንፉ ጫፍ በኩል፣ በኋላው ጠርዝ ላይ፣ ኤለሮን የሚባለው ጠባብ ሰሌዳ ጥቂት ከፍ አለ፤ በዚያኛው ክንፍ ላይ ያለው አቻው በዚያው ቅጽበት ዝቅ ማለቱን አልተጠራጠርሁም። ሰሌዳው ዝቅ ያለለት ክንፍ አየሩ የሚያነሣበት ኃይል ይጨምርለታል፤ ከፍ ያለበት ክንፍ ይቀንስበታል፤ አውሮፕላኑም ወደዚያው ያጋድላል። በእኔ በኩል ምድሩ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ብዙ ሰው አውሮፕላን እንደ ጀልባ በጅራቱ መቅዘፊያ የሚታጠፍ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ክንፉ ሲያጋድል የሚያነሣው ኃይልም አብሮት ያጋድላል፤ ከፊሉም ወደ ጎን እየሳበ የአውሮፕላኑን መንገድ ያጎብጠዋል።

ይህን አስቀድመው የተረዱት ሰዎች ብስክሌት ሠሪዎች መሆናቸው አያስገርምም። ብስክሌት ነጂ ሳያጋድል አይታጠፍም፤ ሚዛኑንም የሚጠብቀው በየቅጽበቱ እያረመ ነው። ከእነርሱ በፊት ብዙ ጊዜ በመንሳፈፍ የታወቀው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሚዛኑን የሚጠብቀው ገላውን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ወድቆ ሞተ። ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. በ1899 የብስክሌት ካላማዳሪ የመጣበትን ረዥም የካርቶን ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠመዝዘው፣ የሁለት ክንፎችን ጫፍ በተቃራኒ ማጣመም እንደሚቻል ታየው። ከወንድሙ ከኦርቪል ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 በኪቲ ሆክ አሸዋ ላይ የሞከሩት ተንሳፋፊ ግን አዲስ ጣጣ አመጣ። ወደ ላይ የሚነሣው ክንፍ የአየሩም ተቃውሞ ይበረታበታል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አፍንጫውም መታጠፍ ወደማይገባው ወገን ይዞራል። ተንሳፋፊው ዝቅ ወዳለው ክንፍ እየተንሸራተተ አሸዋውን መታ። በዚህ ጊዜ ኦርቪል ቀጥ ብሎ የቆመው ጅራት ተንቀሳቃሽ እንዲሆን አሰበ፤ ዊልበርም ክንፉን ከሚያጣምመው ሽቦ ጋር አያያዘው። ይህ የጅራት መሪ የተበጀው ለማጠፍ ሳይሆን የመታጠፍን ስሕተት ለማረም ነበር ማለት ነው። ሞተር ጭነው 12 ሴኮንድ የበረሩት በማግስቱ ዓመት ነው።

ከመቀመጫዬ ሆኜ የማላየው ክፍል ጅራቱ ነበር። በዚያ ስታቢላይዘር የሚባል አግዳሚ ክንፍ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አየሩን ተጠቅሞ ጅራቱን ወደ ታች ይጫናል፤ ወደ ፊት የሚያደላውን ክብደትም ይመዝናል። በኋላው ጠርዝ ላይ ያለው ትንሹ ሰሌዳ፣ ኤሌቬተር፣ አብራሪው መሪውን ሲስብ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ይኸውም የልጅነቴ እጥፋት ነው። በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ግን ትልቁ ክንፍ ራሱ በመዘውር ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ በተቃራኒ የሄዱ እንደ ሆነ፣ በተለይም ፍጥነቱ ሲበዛ፣ የሚያሸንፈው ትልቁ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሪፖርቱን እርሳስ ይዤ አንብቤዋለሁ። በአፍንጫው ግራ ጎን ያለው የአየር ማዕዘን መለኪያ 74 ዲግሪ ተኩል ሲል፣ የቀኙ 15 ገደማ ይል ነበር። አውቶማቲኩ ሥርዓት ያመነው አንዱን፣ ያውም የተሳሳተውን፣ ነው። ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ሊያጣ ነው ብሎ ስታቢላይዘሩን አፍንጫ ወደሚደፋበት አዞረው። አብራሪዎቹ መሪውን ሳቡ፤ ሥርዓቱ ደግሞ አዞረው። የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አጠፉ፤ በመካከላቸው ያለውን የእጅ መዘውር ለማዞር ሞከሩ፤ አየሩ በዚያ ፍጥነት የጅራቱን ክንፍ ስለ ተጫነው መዘውሩ እንቢ አለ። በመጨረሻም ስታቢላይዘሩ እንደ ገና ዞረ። ከተነሣ 6 ደቂቃ ሳይሞላው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ 5 ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ በዚያው ሥርዓት ሳቢያ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ሥርዓቱ በኋላ ተሻሻለ። ዛሬ ሁለቱን መለኪያዎች ያነጻጽራል፤ አብራሪው መሪውን በመሳብ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይም ስታቢላይዘሩን እንዳያዞር ተደርጓል። ይህች የመጨረሻዋ ማሻሻያ ከሁሉ ይልቅ ታሳዝነኛለች። ማንም የወረቀት አውሮፕላን ያጠፈ ልጅ ትልቁ እጥፋት ትንሹን እንደሚያሸንፍ ያውቃልና።

ከዚያ ወዲህ ወደ አውሮፕላን ስሄድ፣ በእግር የምንገባ ከሆነ፣ ደረጃው ሥር ቆም ብዬ ወደ ጅራቱ እመለከታለሁ። አግዳሚው ክንፍ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስበት ስፍራ ይታያል። ምን ያህል እንደ ዞረ በዓይን ለመገመት እሞክራለሁ፤ እርግጥ ነው፣ ከዚያ ርቀት የሚታወቅ ነገር የለም። ከኋላዬ ያለው ሰው በሻንጣው እየገፋ፣ «ኧረ ይለፉ፣ ጋሼ» ይለኛል።