አጥቢያ ፍለጋ

ቤት የቀየረ ሰው የሚጠየቀው ይታወቃል። «ውሃ አለው? መብራት ይጠፋል? ታክሲ ቅርብ ነው?» ይባላል። «ቤተ ክርስቲያናችሁስ?» የሚል ጠያቂ ግን እምብዛም አይገጥምም። እኛን (እናታችንን፣ ታናሽ ወንድማችንንና ይህችን የምትጭርላችሁን ልጅ) ከውሃውም ከመብራቱም ይልቅ ያንከራተተን ይኸው ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ ነው። እስቲ ዛሬ ስለሱ እናውጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልደን ያደግነው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራው ፒያሳ ሲገባ ከተነሱት ብዙ ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ነበር። ስለ መነሳቱ ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል፤ የዛሬው ወጋችን ግን ከተነሱ በኋላ ስለ መቀመጥ ነው። የደረሰን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። አንዱ ጓደኛችን ይህን እንደሰማ «ከአራዳ አራብሳ? አትዘኑ፣ ሁለቱ ፊደል አልተነካባችሁም!» ብሎ አጽናናን። የአራዳ ልጅ ሲያጽናና እንዲህ ነው።

ለእኛ ለልጆቹ አራዳ ጊዮርጊስ የሚሄዱበት ሳይሆን የሚያልፉበት ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ እናልፋለን፣ ዳቦ ስንገዛ እናልፋለን፣ ከሲኒማ አምሽተን ስንመለስም እናልፋለን። ስናልፍ ቆም ብለን እንሳለማለን። የፈተና ሰሞን ከሆነ ረዘም ይላል፤ ካልሆነ በሦስት ሰከንድ አማትበን እንሮጣለን። «መንፈሳዊ ናችሁ?» ብትሉን መልሱ ይቸግረን ይሆናል። ግን ፈለግንም አልፈለግንም ቤተ ክርስቲያኑ በቀን ሁለቴ ያየን ነበር።

ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ ደብር አይደለም። ታቦቱ ዐድዋ የዘመተ ነው፤ ድሉም የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታድሶ ቆመ። በዚያው በጣሊያን ዘመን የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተወስዷል። እንግዲህ ከአራዳ ተነስቶ ሌላ ቦታ መክተም በእኛ አልተጀመረም። ልዩነቱ፣ ያኔ መርካቶ የወረደው ነጋዴ ሲያሻው በእግሩ ወጥቶ ጊዮርጊስን ይሳለማል። ከአራብሳ ግን በእግር አይሞከርም።

እናታችን እንደኛ አላፊ አግዳሚ አልነበረችም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ለኪዳን ትወጣለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለባት። ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ማኅበር ትጠጣለች። እድሯ እዚያው ሰፈር ነው። ንስሐ አባቷ ከእኛ ሦስት በር አልፈው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ነገሮች ለእሷ አምስት አልነበሩም፤ አንድ ነበሩ። አምስት መሆናቸው የታወቀው ሲበታተኑ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች አንዷ ፉሪ ሄዱ፣ ሁለቱ አቃቂ፣ አንዷ ልጃቸው ጋ ተጠጉ። የማኅበሩ ጽዋ በማን እጅ እንደቀረ ለማወቅ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ተደወለ!

የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዳልለቀቅን ሆነን ኖርን። እናታችን እሁድ እሁድ ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ በታክሲ ትመላለሳለች። ኪዳን ቀረ፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለማ! ቅዳሴውንም ቢሆን ከመሀል ነው የምትደርስበት። ሰንበቴው ላይ «እንግዳችን መጣች» ትባል ጀመር። በቀልድ ነው። እኛ ዘንድ መጥታ ቀልዱን ስትነግረን ግን አልሳቀችም።

እኛ ደግሞ እንደ ዘመናችን ልጆች ማማረጥ ያዝን። አንዱ ጋ «ሰባኪው ግሩም ነው» ተብለን ሄድን። እውነትም ግሩም ነበር፤ ከጎናችን የሚቆመው ሰው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አላወቀንም፣ እኛም አላወቅነውም። ሌላው ጋ መዝሙሩ አንጀት ያርሳል፤ ለመድረስ ግን ሁለት ታክሲ ነው። ሲዘንብ ደግሞ ከብርድ ልብሳችን ሳንወጣ ስልክ ላይ ስብከት እንከፍታለን (ይህንንም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካላችሁት)። ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያላችሁ ጠይቁ ተብለናል። ስናማርጥም ጠየቅን፦ ማን ይሰብካል? ምን ይዘመራል? መቼ ያልቃል? የ«የት» ተራ የደረሰው ኋላ ነው።

ከመስኮታችን ቁልቁል ሲታይ አንድ መቃኞ አለ። መቃኞ ማለት ለማታውቁ፣ ዋናው ሕንጻ እስኪሠራ ታቦቱ የሚያርፍበት አነስ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእኛው የቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል የቄሱ ድምፅ አይሰማም። ስምንት ማዕዘን ካቴድራል የለመደ ዐይን ቶሎ አያርፍበትም። እናታችን ወደ ታክሲው ስታልፍ ትሳለመዋለች እንጂ አትገባም። «ቅር ይለዋል» ትላለች። ማንን ቅር እንደሚለው አልጠየቅናትም። ጊዮርጊስን ማለቷ ነው።

ነሐሴ 2016፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ሌሊት አረፉ። እሳቸውም እንደኛ ከመሀል ከተማ የመጡ ናቸው። ልጃቸው በራችንን ሲያንኳኳ የእናታችን የመጀመሪያ ቃል «ንስሐ አባታቸው ማን ናቸው?» የሚል ነበር። ልጁ ስማቸውን ያውቃል፤ ስልካቸውን አያውቅም። እድሩ የድሮ ሰፈር ነው፤ ድንኳኑ እዚያ፣ ወንበሩ እዚያ፣ አባላቱ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን። የሰበካ ጉባኤ ካርዳቸውም የድሮ አጥቢያቸው ነው። ጎሕ ሲቀድ ወንድማችን ወደ መቃኞው ሮጠ። አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆናት በዝናቡ፣ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ካርድ አልጠየቁም። የጠየቁት የሟቿን የክርስትና ስም ነው፤ ያለሱ ፍትሐት እንዴት ይደረጋል? ልጁ አላወቀውም።

እስከ ረፋድ በስልክ ሲፈለግ ቆይቶ አንዲት የድሮ ማኅበርተኛቸው አስታወሱት። ተቀበሩ። እናታችን ግን ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም።

ጾሙ እንደተፈታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ወጉ ነው፤ ንስሐ አባት የሚቀየረው በቀድሞው ፈቃድ ነው። «አባቴ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። እሳቸውም ከሰፈሩ የተነሱ ናቸው፤ ለአገልግሎት የሚመጡት በሁለት አውቶቡስ ነው።

«ልጄ፣ ሌሊት ብትታመሚ አልደርስልሽም። ካልደረስኩልሽ አባትነቴ ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመዋት «ለጊዮርጊስ አታስቢ፤ እሱ እንደሆን ባለ ፈረስ ነው፣ አራብሳ አይርቀውም» ብለው አሳቋት። በስንት ጊዜዋ ሳቀች።

አጥቢያ የሚለው ቃል የገባን ያን ቀን ነው። አማርኛችን ሊነጋጋ ሲል ያለውን ሰዓትም አጥቢያ ይለዋል፤ የሰፈርን ቤተ ክርስቲያንም አጥቢያ ይለዋል። እኛ ሁለቱን እንዲህ አገጣጠምናቸው፦ አጥቢያ ማለት ሊነጋጋ ሲል በእግራችን የምንደርስበት፣ እሱም ሊነጋጋ ሲል በእግሩ የሚደርስልን ነው። ሰባኪ ይመረጣል። መዝሙርም ይመረጣል። አጥቢያ ግን የሚለካው በእርምጃ ነው።

ይሄ የእኛ የኦርቶዶክሶቹ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከግቢያችን አብረውን የተነሱ ሙስሊም ጎረቤታችን ለጁምዓ ፒያሳ፣ ኑር (በኒን) መስጊድ ድረስ ይሄዳሉ። «የዘወትሩ ሶላት ግን እዚሁ ነው። በቀን አምስቴ ታክሲ የሚከፍል የለም!» ይላሉ። ቨርጂኒያ ያለች የአክስታችን ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አጫወተችን። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በኖረባቸው ዓመታት፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ እስኪወርድ፣ አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ናችሁ?» ነበር አሉ። እሷ መልስ ስላልነበራት ወደ ቀረባት ሄደች። ስትወልድ ገንፎ ይዘው የመጡላት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ የየትኛው እንደሆነች ራሷም አልጠየቀች።

መስከረም 2017 ሦስታችንም መቃኞው ሄደን ተመዘገብን። ሰበካ ጉባኤ እንደምታውቁት ቃለ ዓዋዲ ከወጣበት ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ በየአጥቢያው ያለ ሥርዓት ነው። ቅጹ ቀላል ነው፦ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። የክርስትና ስም የሚለው ጋ ስንደርስ እናታችን እስክሪብቶውን ተቀበለችንና የሦስታችንንም በራሷ እጅ ጻፈችው። ጉልህ አድርጋ፣ ሁለቴ እያደመቀች።

ወዲያው ሥራ ተሰጠን። ወንድማችን አሸዋና ጣውላ ተሸካሚ ሆነ። እናታችን ሰንበቴ እንዲቋቋም ከሚሯሯጡት እናቶች ጋር ገባች። ይህችን የምትጭርላችሁ ልጅ ደግሞ «ጋዜጠኛ ከሆንሽማ» ተብላ የሕንጻ አሠሪ ኮሚቴው ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆነች። ዩኒቨርሲቲ ተምረን ያገኘነው የመጀመሪያው ቋሚ ሥራ ደመወዝ የሌለው ሆነና አረፈው! ግን እውነቱን እንነጋገር። አራዳ ጊዮርጊስ እኛ ኖርን አልኖርን ቆሞ ይኖራል፤ ስንቱን ንጉሥ አሳልፏል። መቃኞው ግን እኛ ስንጎድል ይጎድላል። እሁድ ከቀረን ሰኞ «ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም?» የሚል ስልክ ይደወላል። እንደዚህ ተብለን ተጠይቀን አናውቅም ነበር።

ማኅበሩም ነፍስ ዘራ። የድሮው በዓመት አራት ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰብ ተስማሙ። እናታችን በጎን ከደረጃችን ሴቶች ጋር አዲስ ጀመረች። ለመጀመሪያው ተራ አራተኛ ፎቅ ላይ አሻሮ ስትቆላ ጭሱ ደረጃውን ሞልቶት «እሳት ተነሳ!» ብሎ አንድ ጎረቤት በርግጎ ገባ። ጠላው ሲደርስ ተጠርቶ ቀመሰ። ዛሬ ባለቤቱ የማኅበሩ አባል ናት።

ሁሉም ነገር ተሟላ ልንላችሁ አይደለም። እናታችን ስትሳል የምትሳለው አሁንም ለአራዳው ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ለንግሡ ሦስታችንም ሄድን (የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፤ ጊዮርጊስ እንዲህ ያስብልናል)። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል። ቤታችን የነበረበትን ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀምረን እርምጃ መቁጠር ነበረብን፤ ከምናውቀው የቀረን ምልክት እሱ ብቻ ነበር። ታቦቱ ሲወጣ እናታችን አለቀሰች። ከጎኗ የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ከየት ነው የመጣሽው፣ እህቴ?» አሏት። «ከአራብሳ። አጥቢያችን እዚያ ነው» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

እንግዲህ እናንተም ከፒያሳ የተነሳችሁ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንችስ ገላን ጉራ የገባችሁ፣ ወይም በኪራይ ምክንያት በየዓመቱ ሰፈር የምትቀይሩ ጓደኞቻችን፣ ሰባኪ ማማረጡን ተዉት አንላችሁም። ብቻ ከመስኮታችሁ ቁልቁል የሚታይ የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ካለ አንድ እሁድ ግቡበት። የንስሐ አባታችሁን ስልክ መዝግቡ። ዛሬ ማታ ደግሞ ቤት ስትገቡ እናታችሁን የክርስትና ስሟን ጠይቋት።

ቸር እንሰንብት።