ሶዳ ለምን ይበጃል? ለምንስ አይበጅም?



ሶዳ ዋጋው ቀላል ነው፣ በየሱቁም አይጠፋም። ከዚህም የተነሣ «ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው» ይባልለታል። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል በጋራ የተከራየን አራት እጩ መምህራን ኪሳችን ስለማይሞላ ይህን ነጭ ዱቄት በብዙ መንገድ ሞክረነዋል። የሚሠራውን ከማይሠራው ለይተን ብናካፍላችሁ ይጠቅማል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ለምግብ የሚሆነው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ይሉታል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ይኸው ሶዳ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ግን ሥጋ ያቃጥላል። ሦስቱም ነጭ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፍ በሌለው ፌስታል የተቋጠረ ነጭ ነገር ቀምሶ መለየት አይገባም፤ ጭራሽ አለመግዛት ነው!

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፔርሙዝ ውስጡ በሻይ ሲጠቁር አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ሙቅ ውሃ ጨምሮ ማሳደር ነው፤ ጠዋት በብሩሽ ሲያሹት ይለቃል። ያረረ የማይዝግ ብረት ድስትም ውሃና ሶዳ ተደርጎበት ጥቂት ሲፈላ ያረረው ይላቀቃል። የአሉሚኒየም ድስት ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ያጠቁረዋል።

ለጫማም ደኅና ነው። ማታ ውስጡ ነስነስ አድርጎ ጠዋት ማራገፍ ነው። የእግር ሽታ በአብዛኛው ከአሲድ የሚመጣ በመሆኑ ሶዳው ያበርደዋል። አራት ሰው በአንዲት ክፍል ጫማውን ሲያወልቅ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል!

ሶዳን ከሎሚ ጋር ቀላቅሎ ብብት መቀባት ግን ትርፍ የለውም። ሲንተከተክ የሚሠራ ይመስላል እንጂ አሲዱና ሶዳው እዚያው እርስ በርሳቸው እየተጣፉ ነው። ሶዳው ብቻውንም ቢሆን ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

ባቄላ ወይም ሽምብራ በሚዘፈዘፍበት ውሃ ላይ ቁንጥር ሶዳ ቢጨመር ንፍሮው ቶሎ ይበስላል፤ ከሰልም ይተርፋል። ይሁንና ሶዳ ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ ከቁንጥር ማለፍ የለበትም።

ከሁሉ ያሳሰበን የቃሩ ነገር ነው። የአምቦ ውሃ ቃርን ቀለል ያደርጋል የሚባለው በውስጡ በተፈጥሮ ባይካርቦኔት ስላለ ነው። ሶዳም በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የጨጓራን አሲድ ለጊዜው ያበርዳል። ጎረቤታችን እማማ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪም ጨው ቀንሱ ስላላቸው ወጣቸውን አልጫ አድርገው ይበላሉ፤ ማታ ማታ ግን ለቃራቸው አንድ ማንኪያ ሶዳ ይጠጣሉ። «ጨው እኮ አይደለም ልጆቼ፣ ሶዳ ነው» አሉን።

እኛም ሁለተኛ ደረጃ የተማርነውን ኬሚስትሪ አውጥተን በወረቀት አሰላነው። ከሶዳው ክብደት 27 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አዋቂ ሰው በቀን ከምግቡ ሁሉ የሚያገኘው ሶዲየም ከ2,000 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ለካስ እማማ ከወጣቸው ያስቀሩትን ጨው በብርጭቆ እየጠጡት ኖሯል!

መንገሩ ከማስላቱ ከበደን። ትልቅ ሰው እንዴት ይታረማል? ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ወረቀቱን ይዘን ሄድን። «እናንተ ደግሞ፣ ሳትመረቁ ልታስተምሩኝ ነው?» ብለው ሳቁብን። ቀጥሎ ግን ዝም አሉ። «እንግዲያስ ቃሬን ምን ላድርገው?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ የሐኪም ነው። በማግስቱ የሶዳውን ፓኬት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከአንዳችን ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ «ሶዳ ለዚህ ይሆናል ወይ?» የሚል ተማሪም ወላጅም አይጠፋም። ፔርሙዝ ያጠራል ብለን ስናስተምር፣ ማን መጠጣት እንደሌለበትም አብረን እንንገር።

ከልደታ፣ አራቱ እጩ መምህራን