ያልተቆጠረው ጉድጓድ



የባዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ ባሌ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሳነቴ አምባ ወጣሁ። ሥራዬ በገመድ በተከለለ መሬት ላይ አዲስ የተማሰ የፍልፈል ጉድጓድ መቁጠር ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚኖረው በዋናነት ትልቁን ፍልፈል እያደነ ነው።

አንድ ጠዋት ጉሙና ብርዱ ሲበረታብኝ ሁለቱን ቦታዎች ሳልደርስባቸው በግምት ሞላሁ። ማን ያየኛል? ዙህር ላይ በዚያ በረዶ ውሃ ውዱእ አድርጌ «አላሁ አክበር» ስል ግን ወረቀቱ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ሰግጄ እንደጨረስኩ ለኃላፊያችን ነገርኩት። አልተቆጣም። ቁጥሮቹን ሰርዞ «አልተቆጠረም» ብሎ ጻፈና፣ «ባዶው አይጎዳንም፤ ውሸቱ ግን ሌላውንም ቁጥር ያበላሽብናል» አለኝ።

ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ አማና የሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው በማያየን ሜዳ የምንሞላው ቁጥርም አማና ነው። አላህ ከታማኞቹ ያድርገን።